የኅብረት ስምምነቱን እጅ አውጥታችሁ አፅድቁ ተባልን፣ ምን ይሻላል?

ሳቢያን ያለችው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የሠራተኛ ማኅበራችን ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ የኅብረት ስምምነት (ማኅበሩና አሠሪው ስለ ደመወዝና ሥራ ሁኔታ የሚፈራረሙት ውል) ሲኖረን ይሄ የመጀመሪያችን ነው። ኮሚቴው ከአሠሪው ጋር ለወራት ሲደራደር ከርሞ ባለፈው ሐሙስ "ተስማምተናል" ብሎ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ለቀቀ። ዋናውን ረቂቅ ስንጠይቅ "26 ገጽ ማን ያነባል" ተባልን። ቅዳሜ ጠዋት ስታፍ ሩም ተሰብስበን እጅ እያወጣን እናፀድቃለን ነው የሚሉት። ርእሰ መምህሩም በታዛቢነት ይገኛል አሉ። ስምምነቱን ጠልቼው አይደለም፣ ጭማሪም አለው። ግን እሱ ቁጭ ብሎ እያየ ማን ነው እጁን አውጥቶ አልስማማም የሚለው? ኬጂ የሚያስተምሩት ደግሞ አብዛኞቹ ቅዳሜ አይመጡም። ይዘግይ ብል አፍራሽ እንዳልባል ፈራሁ። ኮሚቴዎቹ ጓደኞቼ ናቸው፣ ለእኛ ብለው ነው የደከሙት።

የከዚራ መምህር፦
አቦ ሳታነቡ እንዳታፀድቁ! እኛም ጋ እንዲሁ ነው የሆነው። ማጠቃለያው "በየዓመቱ የደመወዝ ጭማሪ ይደረጋል" ይል ነበር፣ አጨብጭበን አሳለፍነው። መስከረም ላይ ጭማሪው ሲቀር ዋናውን አስወጥተን ብናየው "የትምህርት ቤቱ የገቢ ሁኔታ ሲፈቅድ" የሚል ገብቶበታል። አምስት ቃል ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው ስምምነቱ ላይ ሌላ ጊዜ ካልተጻፈ ሦስት ዓመት ይፀናል፣ እኛም ሦስት ዓመት ሙሉ በእሷ ታሰርን። ዋናው ታትሞ ቢያንስ ሳምንት እጃችሁ ላይ ይቆይ። የወሊድ ፈቃዱንም እይው፣ በሕጉ ከመውለድ በፊት 30 ቀን፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው። ከዚያ ያነሰ ተጽፎ ቢሆን እንኳ ለሠራተኛው የሚሻለው ሕጉ ከሆነ የሚሠራው ሕጉ ነው። ግን ለምን ያኔ ክርክር ውስጥ ትገባላችሁ፣ አሁኑኑ ይታረም።

ሸዋ በር፣ ሐረር፦
መጀመሪያ የራሳችሁን መተዳደሪያ ደንብ አውጪ። ምልዓተ ጉባኤው፣ ማለትም ለመወሰን መገኘት ያለበት የአባላት ብዛት፣ ስንት ነው? ስምምነት የሚያፀድቀው ጠቅላላ ጉባኤው ነው ወይስ ኮሚቴው? እዚያ የተጻፈ ነገር ካለ "እኔ መሰለኝ" ሳይሆን "ደንባችን ይላል" ብለሽ ነው የምትናገሪው፣ አፍራሽ የሚልሽም አይኖርም።

እኛ በሚስጥራዊ ድምፅ እንዴት እንዳፀደቅን ልንገርሽ። የጠመኔ ካርቶን በወረቀት ጠቅልለን፣ በፕላስተር አሽገን፣ ከላይ ቀደድን። ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የማኅበሩ ማኅተም አረፈበት። ቆጣሪዎቹ ሦስት ነበሩ፣ ከተደራዳሪዎቹ አንድም አልነበረባቸውም። አንዷ ከኬጂ፣ አንዱ ከሁለተኛ ደረጃ፣ አንዱ ደግሞ ጥበቃ ነበር፣ ምክንያቱም ጥበቃና ጽዳትም አባል ናቸው፣ ስምምነቱም የእነሱ ነው። ማንበብ ለሚከብዳቸው አንድ ሰው አንቀጽ በአንቀጽ እያነበበ አስረዳቸው። በአንድ ቀን የማይገኝ ሰው ስለነበረ ሁለት ቀን አስመረጥን፣ ካርቶኑም በመሃል ከቆጣሪዎቹ እጅ አልወጣም። ቆጠራው ሰሌዳ ላይ፣ ሁላችንም እያየን። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ያን ቀን ተቃውመው የነበሩት ራሳቸው ናቸው ዛሬ ስምምነቱን ይዘው የሚከራከሩልን።

ርእሰ መምህሩ ግን እዚያ ምንም ቦታ የለውም። አዋጁ ራሱ የሥራ መሪን ከሠራተኛ ለይቶ ነው የሚያየው። ከሱ ወገን ጋር ነው የተደራደራችሁት፣ እንዴት ሆኖ ነው የእናንተን ድምፅ የሚታዘበው?

የመንግሥት መምህር፦
እኔ በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው የምተዳደረው፣ እንደናንተ ከአሠሪ ጋር ተቀምጬ የምደራደርበት ስምምነት የለኝም። ስለዚህ ይሄን ነገር እንደ ቀላል አትዪው እህቴ። ስለ ጓደኞችሽ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ድንገት አትነሺባቸው። ከዚያ በፊት ሊቀመንበሩን ለብቻው ሻይ ጋብዢው። ሚስጥራዊ ድምፅ ለሱም ይጠቅመዋል። ነገ አሠሪው "ሠራተኛው አያውቀውም፣ እናንተ ናችሁ የምትረብሹት" ሲለው ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ ያሳየዋል። በእጅ ማውጣት ካለፈ ግን ማንም ተነስቶ "ፈርቼ ነው" ሊል ይችላል፣ ያኔ ምን ይመልሳል?

ሳቢያን ያለችው፦
አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። ትናንት ማታ ሊቀመንበሩን አገኘሁት። መጀመሪያ ከፋው፣ በኋላ ግን የአምስቱን ቃል ነገር ስነግረው ዝም አለ። ደንባችን "ጠቅላላ ጉባኤው ያፀድቃል" ይላል፣ እጅ በማውጣት ነው የሚል የለበትም። ድምፅ መስጠቱ በሳምንት ተራዝሟል፣ ለኮፒ ብር አዋጥተን ረቂቁን ለየክፍሉ አድለናል። የርእሰ መምህሩ ነገር ገና አልተቋጨም፣ ሰኞ ኮሚቴው ያነጋግረዋል። እኔ አሁን ገጽ 14 ደርሻለሁ። የማካካሻ ክፍለ ጊዜ ክፍያ ላይ "እንደ አስፈላጊነቱ" የሚል አየሁ። ፎቶ አንስቼ ማታ እለጥፈዋለሁ፣ እባካችሁ እዩልኝ።