ደብረ ብርሃን ላይ የጎማ ባላንስ ማሽን ልንገዛ ነው፤ የቱ ይሻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎማ ቤታችን ላይ የባላንስ ሥራ (የጎማና የቸርኬን ክብደት ማመጣጠን) ልንጨምር ነው። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር፣ መብራቱ ሲንግል ፌዝ ነው። የሚመጣው በብዛት ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ሃይኤስ ሚኒባስና ሃይሉክስ ነው፤ አልፎ አልፎ አይሱዙ ኤንፒአር። አንዱ ምርጫ አዲስ፣ በእጅ የሚሽከረከር የቻይና ማሽን ነው። ሌላው ከአውሮፓ የገባ ያገለገለ ባለሞተር። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የቱን እንያዝ? አብሮስ ምን መኖር አለበት?

ቸርኬ፦
ወንድሜ፣ ስክሪኑን ከማየትህ በፊት ኮኖቹን ቁጠር፤ ቸርኬውን የማሽኑ ዘንግ (ሻፍት) ላይ መሐል የሚያስይዙት ሾጣጣ ብረቶች ናቸው። ባላንስ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቸርኬው ሻፍቱ ላይ መሐል ለመሐል ሳይቀመጥ ሲቀር ነው። የቪትዝ ቸርኬ የመሐል ቀዳዳ 54.1 ሚሊ፣ የሃይሉክስና የሃይኤስ 106 ሚሊ ግድም ነው፤ የኤንፒአር ግን ከ160 ሚሊ ያልፋል። ከማሽን ጋር የሚሰጡት ሦስት አራት ኮኖች ለእሱ አይበቁም። ለቀላል ጭነት መኪና የሚሆነውን ትልቅ ኮን ለብቻ ጠይቅ። ሻፍቱ 36 ይሁን 40 ሚሊ በካሊፐር ለካ። የ40ው ኮን 36ቱ ላይ ይገባል፣ ግን በየጎኑ 2 ሚሊ ይጫወታል፤ እንዲህ ሆኖ የሚወጣው ቁጥር ለምንም አይረባም።

ያገለገለውን ሳትፈትን ብር አታውጣ። በደንብ የታጠበ ጎማ እሰርና ሁለቱንም ጎን 0 አድርስ። ከዚያ ውጭ በኩል የ50 ግራም እርሳስ (ቸርኬው ላይ የሚደረገው ማመጣጠኛ ክብደት) ምታና አሽከርክር። ውጭ 50፣ ውስጥ 0 ወይም 5 ማንበብ አለበት። ውስጥ በኩል 20 ካሳየህ ሁለቱን ጎን አይለይም ማለት ነው፤ ካሊብሬሽን አድርገህ (የማሽኑን ልኬት አስተካክለህ) ድገመው። ቀጥሎ ዳዶውን ፈትተህ ጎማውን ሻፍቱ ላይ ግማሽ ዙር አዙረህ እሰር። ንባቡ ከ10 ግራም በላይ ከተለወጠ ወይ ኮኑ ተበልቷል ወይ ሻፍቱ ጎብጧል። ኮን ይገዛል። ሻፍቱ የጎበጠውን ግን በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ።

ደግሞ ብዙዎቹ ማሽኖች ከ5 ግራም በታች ያለውን ደብቀው 0 ይላሉ። ትክክለኛውን ግራም የሚያሳየውን ቁልፍ ተጭነህ እይ።

ባለሽቦው፦
የሞተሩ ጉልበት አያስጨንቅም፣ ብዙዎቹ 250 ዋት አካባቢ ናቸው። የሚያስቸግረው ቮልቴጁ ነው። የማሽኑን ታፔላ አንብቡ፤ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ሲንግል ፌዝ ይበል። 380 የሚል ከሆነ እናንተ ጋ አይነሳም። ቦርዱ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ስለሚቃጠል ስታብላይዘር ይኑረው። ኧርዝ ይኑረው፣ ኮምፕሬሰሩና የብየዳ ማሽኑ ካሉበት መስመር ይለይ፤ ሴንሰሩ የሚልከው ምልክት በጣም ትንሽ ስለሆነ ይረበሻል።

ወለሉን አትርሱ። ማሽኑ ደረቅ ኮንክሪት ላይ በቡሎን ይታሰር። ጣውላ ላይ ወይም ሥሩ ባዶ የሆነ ሴራሚክ ላይ ካቆማችሁት አንዱን ጎማ ሦስቴ ብታሽከረክሩ ሦስት የተለያየ ቁጥር ታያላችሁ።

ቁልቁለት፦
እኔ ስለ እርሳሱ ልጨምር። ለብረት ቸርኬ የሚመታው፣ ለአሉሚኒየም የሚለጠፈው ነው። የሚለጠፈው የደብረ ብርሃንን ጠዋት አይወድም! ከ10 ዲግሪ በታች ሙጫው አይዝም። ቸርኬውን በቤንዚን ጠርገህ አድርቅ፣ እርሳሱን ሞቅ አድርገህ ለጥፍና በአውራ ጣት አጥብቀህ ተጫን። ረጅም ቁልቁለት ወርዶ የመጣ መኪና ደግሞ ቸርኬው በፍሬን ግሎ ስለሚሆን እስኪበርድ ጠብቅ።

ባላንስ የማያድነውንም ለይታችሁ እወቁ፤ አለዚያ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል። መሪው ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ብቻ ከተርገበገበ የፊት ጎማ ባላንስ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ዲስኩ ነው። በ30 እና በ40ም የሚንጥ ከሆነ የጎበጠ ቸርኬ ወይም ያበጠ ጎማ ፈልጉ። በክረምት ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጥቁር ጭቃ ብቻውን ብዙ ግራም ስለሚሆን፣ ሳይታጠብ የተሠራ ባላንስ ጭቃው በወደቀ ቀን ይፈርሳል። ለቤት መኪና በአንድ ጎን ከ60 ግራም በላይ ከጠየቀ እርሳስ አትደርድሩ፤ አየሩን አውጥታችሁ ጎማውን ቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር አዙሩና እንደገና ለኩ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ሄጄ አየሁት፣ ያገለገለው 380 ቮልት ነው። የቻይናው ሻፍት 40 ሚሊ፣ ትልቁ ኮኑ 132 ሚሊ ድረስ ነው። ኤንፒአሩስ ካላማዳሪ ያለው ነው፤ ባላንስ ይሆናል?

ቸርኬ፦
እንግዲያው የቻይናውን ውሰድ። በእጅ መሽከርከሩ ፍጥነት ይቀንስብሃል እንጂ ቁጥሩን አያበላሽም፤ መብራት ሲጠፋም በትንሽ ኢንቨርተር ይሠራል። ካላማዳሪ ያለው ይሆናል፣ ግን ጎማውን ነፍተህ፣ አየሩን አውጥተህ እንደገና ንፋው፤ ካላማዳሪው ታጥፎ ከቀረ ባላንሱ አይቆይም። ቸርኬው ባለቀለበት ከሆነ ቀለበቱ በደንብ መግባቱን ሳታይ አትንፋ፣ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ከባዱን ጎማ ሁለት ሆናችሁ አንሱት፤ ሻፍቱ ላይ ከወደቀ ሴንሰሩ ይሄዳል። ሲኖትራክ ከመጣ አትሞክረው፣ የእሱ ጎማ ከነቸርኬው ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ የከባድ መኪና ማሽን ይፈልጋል። የኤንፒአሩን ኮን ስትረከብ እዚያው ሻፍቱ ላይ አስገብተህ ሞክረው።