የከተማን ጓዳ ለመጻፍ እዚያው መኖር ግድ ነው?

አወያይ፦ ብዙው የአዲስ አበባ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ይህ ጥያቄ ያንገበግበኛል። የታላቅ ከተማን ድብቅ ገጽ የሚጽፍ ደራሲ እዚያው የኖረ መሆን አለበት?

የአራዳ ልጅ፦ አለበት እንጂ! ጋሽ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የዚያን የጭፈራ ሰፈር፣ የውቤ በረሃን፣ ሌሊት በወሬ አልሰማም፤ እዚያው አብሮ አንግቷል። ልቦለዱ «ሌቱም አይነጋልኝ» በግልጽነቱ ምክንያት ስንት ዓመት ሳይታተም ቆየ! በሩቅ ሆኖ የጻፈ ሰው እንዲህ አያስደነግጥም።

የትርጉም ወዳጅ፦ አልስማማም ወንድሜ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ምንዱባን» ብለው የተረጎሙልንን የቪክቶር ሁጎን ልቦለድ አስታውስ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዣን ቫልዣን የቆሰለውን ወጣት ማሪየስን ተሸክሞ ከፓሪስ ሥር ባለው የፍሳሽ ቦይ ሲሄድ፣ ጭቃው ሊውጠው ሲደርስ፣ የአንባቢውም ትንፋሽ ይቆማል። ሁጎ ግን መጽሐፉን የጨረሰው ከፈረንሳይ ውጭ በስደት ሳለ ነው፤ የታተመውም በ1862 እ.ኤ.አ. ነው። ቦዩን የገነባው በጥናት ነው። ታሪኩን አቁሞ፣ በናፖሊዮን ዘመን ቦዩን ውስጥ ለውስጥ ስለመረመረው ስለ ብሩንሶ ይተርካል፤ ማዳበሪያ የሚሆነውን ቆሻሻ ከተማው ወደ ውሃ በመልቀቁ ይቆጫል። ታዲያ ይህን ለመጻፍ ቦይ ውስጥ ማደር ነበረበት?

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦ ወንድሞቼ፣ ሁለታችሁም ጨለማውን ብቻ ነው የምታዩት። እናቴ እዚያው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ጠላ ሻጭ ነበረች። እንግዶቹ ሲወጡ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ታጥባለች፤ በወይራ ታጥናለች። እኔ ጀሪካን ይዤ ቦኖ እሰለፋለሁ። ትናንት ማታ ስትዘፍን የሰማኋት ሴት ከፊቴ ቆማ፣ በነጠላዋ ተሸፋፍና፣ ስለ ልጇ ሳል ታወራለች። ደራሲዎቻችን ሲመሽ መጥተው ሳይነጋ ስለሚሄዱ ይህንን አላዩትም። ለእኔ ድብቁ አዲስ አበባ ጠዋቱ ነው።

የአራዳ ልጅ፦ እህቴ፣ ይህ ልቤን ነካው። ግን ቦኖውም ቤቱም የለም። አሁን የሚጽፍ ሰው ከየት ያገኘዋል?

የትርጉም ወዳጅ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ያልኖረ ሰው አጥንቶ ይጻፍ።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦ ያጥና፣ ግን ከሰው አፍ። ሰፈሩ ቢፈርስም ጎረቤቶቻችን በየኮንዶሚኒየሙ አሉ። ይሂድና ይጠይቃቸው፤ ቡና አፍልተው ይነግሩታል። እናቴ ቦኖው ከንጋቱ 11 ሰዓት ይከፈት እንደነበር፣ ማን ከማን ቀጥሎ ይቀዳ እንደነበርም እስከ ዛሬ ታስታውሳለች።