የዕቅድ ውይይት፦ የአና ብላንዲያና የግጥም ምሽትና የትርጉም ጥራዝ (የጋራ ሐሳብ፣ ሁለተኛ ረቂቅ)

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ የሮማኒያዊቷን ገጣሚ ሕይወት ከልደት እስከ ሽልማት በተራ ይተርካል። መርሐ ግብሩ 90 ደቂቃ ነው፤ በዚህ አካሄድ ግማሹ በታሪክ ያልቅና ግጥሙ ለጥድፊያ ይቀራል። የሕይወት ታሪኩን በ15 ደቂቃ ጨርሰን፣ ዋናውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1984 «አምፊቴአትሩ» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ለወጡት 4 ግጥሞች እንስጥ። መጽሔቱ ከየቦታው የተለቀመው፣ ግጥሞቹም በእጅ እየተገለበጡ ከሰው ሰው የተዳረሱት በእነሱ ምክንያት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ፤ «እ.ኤ.አ.» የሚለው ግን ከጥራዙ መግቢያ ላይ አይቅር፤ አንባቢ 1984ን በእኛ አቆጣጠር ወስዶ እንዳይሳሳት።

የሕይወት ታሪክ ክፍል፦
15 ደቂቃ ይበቃናል። መታለፍ የሌለባቸው እነዚህ ናቸው። ማርች 25 ቀን 1942 በቲሚሾዋራ ተወለዱ፤ የትውልድ ስማቸው ኦቲሊያ ቫሌሪያ ኮማን ነው። ብላንዲያና በአልባ አውራጃ ያለ የእናታቸው መንደር ስም ነው። አባታቸው የኦርቶዶክስ ቄስና የፖለቲካ እስረኛ ነበሩ። በ1959 የመጀመሪያ ግጥማቸው ክሉዥ በሚታተመው «ትሪቡና» መጽሔት በዚህ የብዕር ስም ወጣ። ስሙ ግን አልሸሸጋቸውም፤ «የሕዝብ ጠላት ልጅ» መሆናቸው ወዲያው ታወቀና እንዳይታተሙ ተከለከሉ፣ ዩኒቨርሲቲም ለዓመታት ተዘጋባቸው። የመጀመሪያ መጽሐፋቸው «አንደኛ መደብ ብዙ ቁጥር» የወጣው በ1964 ነው። አባታቸው በምሕረት ተፈተው ብዙ ሳይቆዩ በአደጋ የሞቱትም በዚያው ዓመት ነው።

ብዙ ጽሑፎች ሦስቱን እገዳዎች ያቀላቅላሉ። የመጀመሪያው ከ1959 ጀምሮ የነበረው፣ ሁለተኛው ከ4ቱ ግጥሞች በኋላ የመጣው፣ ሦስተኛው በ1988 ተጥሎ እስከ ዲሴምበር 1989 አብዮት የዘለቀው ነው። ሦስተኛውን ያመጣው የልጆች መጽሐፍ ነበር፤ በውስጡ አርፓጂክ የሚባል፣ እንደ አገር መሪ የሚወደስ ድመት አለ፤ አንባቢ ሁሉ የሮማኒያን ገዥ ቻውሼስኩን አየበት። ለእያንዳንዱ እገዳ አንድ አንድ የማሳያ ሰሌዳ ብንሰጥ ግርታው ይጠፋል።

ተርጓሚ፦
ትልቁ ሥራ ከ4ቱ አንዱ በሆነው «ሁሉም» በሚለው ግጥም ላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር ዝርዝር ነው፤ ዓረፍተ ነገር የለውም፤ ምሬት የሚናገር አንድም ቃል አታገኙበትም። የቡካሬስት ሰው በየቀኑ የሚያየውንና የሚሰማውን ብቻ ይደረድራል። ሳንሱሩን ያስቆጣው ይኸው ነው፤ አንዱን ስንኝ ነጥሎ «ይሄ ውሸት ነው» ማለት አይቻልም።

የእኛ ችግር አድማጩ ዕቃዎቹን አለማወቁ ነው። ለዱቄት የሚያዝ ሰልፍ ለማንም ግልጽ ነው። ነገር ግን ለውጭ ገበያ ቀርቦ የተመለሰ ፖም ሲባል፣ ጥሩ ጥሩው ተልኮ ለአገሬው የቀረው ውድቁ ብቻ እንደነበር ካልተነገረ ስንኙ ባዶ ይሆናል። አዲዳስ ሲባል ሰው ጫማ ብቻ ያስባል፤ በዚያ ዘመን ሥጋው ወደ ውጭ ሄዶ ሱቅ ውስጥ የሚገኘውን የአሳማ እግር ሕዝቡ አዲዳስ ይለው ነበር። ኬንት ሲጋራ ለሐኪሙም ለጸሐፊውም የሚሰጥ መማለጃ ነበር፤ ፓኬቱ ሳይከፈት ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። የጋዝ ሲሊንደር የተሸከሙት አውቶቡሶች ነዳጅ ስለጠፋ በጋዝ የሚሄዱ ናቸው። የቪክቶሪያ ጎዳና ልጆች የመሪው መኪና በሚያልፍበት መንገድ ሲቪል ለብሰው የሚቆሙ የጸጥታ ሰዎች ናቸው። የዚህ ሁሉ ሥር አንድ ነው፦ ቻውሼስኩ የውጭ ዕዳውን በሙሉ ለመክፈል ወሰነ፤ ምግቡም ነዳጁም ወደ ውጭ ወጣ፤ በ1989 ዕዳው አለቀ ሲባል የሕዝቡ ትዕግሥትም አልቆ ነበር።

የግርጌ ማስታወሻ አልደግፍም። ዓይን በየስንኙ እየወረደ ሲመለስ ዝርዝሩ ፍጥነቱን ያጣል። በግራ ገጽ ግጥሙ ብቻውን፣ በቀኝ ገጽ ማብራሪያው በግጥሙ ቅደም ተከተል ይሁን፤ ለአንድ ዕቃ ከ2 መስመር አይለፍ።

የመድረክ አዘጋጅ፦
ተርጓሚዋ እህቴ ያለችው ለኅትመቱ ትክክል ነው፤ ለመድረኩ ግን ሌላ መላ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ግጥሙ ያለ ምንም ማብራሪያ ይነበብ፤ 2 ደቂቃ አይሞላም። ቀጥሎ 10 ደቂቃ በስላይድ ዕቃዎቹን እናሳይ፤ 8 ይበቃሉ፣ 20 ካደረግን አዳራሹ ይደክማል። ከዚያ ያው ግጥም በዚያው አንባቢ ይደገም። ሁለተኛው ንባብ ላይ ሰው ራሱ ይሰማዋል። አንባቢው ድምፁን እንዳያለቃቅስ፣ ንብረት እንደሚቆጥር መጋዘን ጠባቂ ለጥ አድርጎ ያንብበው። ሙዚቃ ከኋላ ይግባ የተባለውን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ዜማ ከገባ ዝርዝሩ ልቅሶ ይመስላል።

የሕይወት ታሪክ ክፍል፦
ከ4ቱ ሌላው «የሕፃናት መስቀል ጦርነት» የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ርዕሱን የሰማ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ይመስለዋል። ግጥሙ የሚናገረው ስለ አዋጅ ቁጥር 770 ነው፤ በ1966 ወጥቶ ፅንስ ማስወረድን የከለከለው፣ ዕድሜያቸው ከ45 በላይ ለሆኑ ወይም 4 ልጆች ላሏቸው ሴቶችና ለሕይወት እንደሚያሰጋ እርግዝና ላሉ ጥቂት ጉዳዮች ብቻ የፈቀደው። በ80ዎቹ ሴቶች በየሥራ ቦታቸው የማህፀን ምርመራ ይደረግባቸው ነበር፤ በድብቅ ሲሞክሩ የሞቱት ብዙ ናቸው። ርዕሰ ጉዳዩ በእኛ ዘንድ ስሜት የሚነካ ነው፤ ስለዚህ ማብራሪያው አዋጁን ብቻ ይግለጽ፤ ስለ ፅንስ ማስወረድ አቋም መያዝ የምሽቱ ሥራ አይደለም። ግጥሙን ከማውጣት ግን ምሽቱን መተው ይሻላል።

ሌላ አባል፦
ስለ ሲጌት መታሰቢያ ምንም አልተባለም። ገጣሚዋ ከባለቤታቸው ከሮሙሉስ ሩሳን ጋር በ1993 የጀመሩት የመታሰቢያ ሥራ ከግጥሙ እኩል መታየት አለበት። መታሰቢያው ያለበት የቀድሞ እስር ቤት በዩክሬን ድንበር አጠገብ በሲጌቱ ማርማጺዬይ ይገኛል፤ በ50ዎቹ መጀመሪያ ሚኒስትሮች፣ ጳጳሳትና ምሁራን ታስረውበታል፤ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ዩሊዩ ማኒዩ በ1953 የሞቱት እዚያ ነው። ከሰሌዳዎቹ ሲሶው ይሰጠው።

ጸሐፊ፦
ሲሶ ይበዛል። ሰሌዳው በጠቅላላ 8 ነው፦ 3 ለእገዳዎቹ፣ 2 ለ1984ቱ ግጥሞች፣ 2 ለሲጌት፣ 1 ከ1989 በኋላ ላለው፣ የ2024ቱን የአስቱሪያስ ልዕልት የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ጨምሮ። በዚህ ብንስማማ?

ገንዘብ ያዥ፦
እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይቅደም፦ ገጣሚዋ በሕይወት ያሉ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ አንድ ግጥም እንኳ ማተም አይቻልም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ መብቱን ለያዘው ወገን የግጥሞቹን ርዕስ ዝርዝርና የቅጂውን ብዛት ጠቅሶ መጻፍ፤ ፈቃዱ በጽሑፍ ሲመጣ ከተርጓሚ ጋር መዋዋል፤ ከዚያ ለሮማኒያ የባህል ኢንስቲትዩት የትርጉም ድጋፍ ማመልከት። ለዚህ ድጋፍ የሚያመለክተው ከሮማኒያ ውጭ ያለ አሳታሚ ነው፤ ማኅበራችን አሳታሚ ስላልሆነ በራሱ ስም ቢያመለክት ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ አሳታሚ አብሮን እስኪፈርም ድረስ የጥራዙን ወጪ በበጀቱ ውስጥ እንደ ተገኘ ገንዘብ አናስገባ። ምሽቱንና ጥራዙን በሁለት የተለያየ በጀት እንያዝ፤ አንዱ ቢዘገይ ሌላው እንዳይቆም።

ተርጓሚ፦
ከእንግሊዝኛ ብቻ መተርጎሙን አልቀበልም። ረቂቁን ከእንግሊዝኛ እሠራለሁ፤ ሮማኒያኛ የሚችል ሰው ግን ከዋናው ጋር ስንኝ በስንኝ ያመሳክረው። ሮማኒያ ተምረው የመጡ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ በየትውውቃችን እንጠይቅ። ለ12 ግጥም 3 የማመሳከሪያ ቀጠሮ ያስፈልገኛል።

ጸሐፊ፦
የተስማማንበት ሐረግ እነሆ፦ «ማኅበሩ በአና ብላንዲያና ሥራ ላይ የ90 ደቂቃ የንባብ ምሽት ያዘጋጃል፤ የ1984ቱ 4 ግጥሞች የምሽቱ እምብርት ይሆናሉ፤ 12 ግጥሞች የያዘ ጥራዝ ፈቃድ፣ አመሳካሪና አሳታሚ ሲሟሉ ይታተማል።» ማሻሻያ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ። የፈቃዱን ደብዳቤ ገንዘብ ያዡና እኔ ነገ እንጀምራለን።