ብዙ ያልተዘመረላቸውን የጃዝና የፕሮግረሲቭ ሮክ ሥራዎች ለማግኘት የትኛው አገልግሎት ይሻላል?

ዛሬ የሚሠራው ጃዝና ፕሮግረሲቭ ሮክ (ረጃጅምና ውስብስብ ድርሰቶች የሚበዙበት የሮክ ዓይነት) ከመብዛቱ የተነሣ፣ ከታወቁት ስሞች አልፎ መስማት የሚሻ አድማጭ ከየት መጀመር እንዳለበት ይቸግረዋል። ለዓመታት ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ባንድካምፕን እመርጣለሁ፤ ይሁንና ለምን እንደምመርጠው የሚታየው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከስፖቲፋይ ነው። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በየሳምንቱ ሰኞ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ 30 ሙዚቃዎችን የያዘ ዝርዝር ያቀርባል። ዝርዝሩ በአብዛኛው የሚዘጋጀው የእርስዎን የመሰለ ምርጫ ያላቸው ሌሎች አድማጮች ከሰሙት ተነሥቶ ስለሆነ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሰማው ሥራ ወደዚያ የመግባት ዕድሉ ጠባብ ነው። አንድ ሙዚቃ እንደተደመጠ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላ በመሆኑ፣ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ የፕሮግረሲቭ ሮክ ድርሰትና ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን እኩል አንድ ጊዜ ይቆጠራሉ። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በ12 ወራት ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ሙዚቃ ምንም ክፍያ አያገኝም። እኔ የምጠቀምበት ስሙን አስቀድሜ ያገኘሁትን አልበም ለመቅመስ ብቻ ነው፤ ለዚያም በእርግጥ ምቹ ነው።

ባንድካምፕ የሚለየው ሙዚቀኛውና አሳታሚው ራሳቸው የሚሸጡበት ገበያ በመሆኑ ነው። ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው ድርሻ 15 በመቶ ሲሆን፣ ሽያጩ ከ5,000 ዶላር ካለፈ ወደ 10 በመቶ ዝቅ ይላል። ለአድማጩ ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን በአልበሙ ገጽ ላይ የገዢዎች ምስል መደርደሩ ነው። አንዱን ሲነኩ ያ ሰው በገንዘቡ የገዛው ሁሉ ይዘረዘራል። እርስዎ የወደዱትን ብርቅ አልበም የገዛ ሰው ሌሎች ዐሥር ብርቅ አልበሞችን ገዝቶ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ኪሱን ከፍቶ የመረጠ ሰው ጥቆማ በነጻ ተሰምቶ ከታለፈው ይልቅ ይታመናል።

ሁለተኛው ጥቅሙ አሳታሚዎችን መከተል ማስቻሉ ነው፤ በእነዚህ የሙዚቃ ዓይነቶች ደግሞ የአሳታሚው ስም ከባንዱ ስም ይልቅ አቅጣጫ ይጠቁማል። የቺካጎው ኢንተርናሽናል አንተም ድራመሩ ማካያ ማክሬቨን ከባልደረቦቹ ጋር በመድረክ ላይ ያለ ዝግጅት የተጫወተውን ቀድቶ፣ ቆራርጦና መልሶ ቀጥሎ የሠራውን አልበም በ2015 አውጥቷል። የማንቸስተሩ ጎንድዋና ሬከርድስ ቤዝ የሌለውን፣ በሳክስፎን፣ በፒያኖና በድራም ብቻ የሚጫወተውን ማማል ሃንድስ የተባለ ባንድ ለአድማጭ አቅርቧል። በ1969 ሙኒክ ውስጥ የተመሠረተውን አሳታሚ ኢሲኤምን ብዙዎች የሚያውቁት በቆዩት ሥራዎቹ ነው፤ ነገር ግን ለድርሰቶቹ ርዕስ ሳይሆን «ሞዱል» ብሎ ቁጥር የሚሰጣቸውን የስዊሱን ፒያኒስት ኒክ ቤርችን ያሳተመውም እርሱ ነው። የቤርች ሙዚቃ ለጃዝ አድማጭ ጃዝ፣ ለሮክ አድማጭ ሮክ ሆኖ ስለሚሰማ፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው እርሱን ነው። ከ1984 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካው ኩኒፎርም ሬከርድስም ሁለቱን ሳይለያይ ያሳትማል።

ፕሮግ አርካይቭስ አድማጮች ለአልበሞች ግምገማ የሚጽፉበትና በከዋክብት ነጥብ የሚሰጡበት ድረ ገጽ እንጂ ሙዚቃ አይሸጥም፤ ጥቅሙ ፕሮግረሲቭ ሮክን በንዑስ ዘውጎች ከፋፍሎ ማስረዳቱ ነው። ለምሳሌ «ዞይል» የሚለውን ክፍል የከፈተ ሰው፣ የፈረንሳዩ ድራመር ክርስቲያን ቫንደር ለማግማ ባንድ የራሱን ቋንቋ ፈጥሮ ከጀመረው ሙዚቃ ተነሥቶ ይህንኑ መንገድ የተከተሉ የጃፓን ባንዶች ድረስ ይደርሳል። ደካማ ጎኑ ጸሐፊዎቹ የ1970ዎቹን ድምፅ አብዝተው ማፍቀራቸው ነው። እኔም በከዋክብቱ ብዛት ተታልዬ፣ የቆየውን ከመኮረጅ የማያልፍ አልበም ሳልሰማ ገዝቼ አውቃለሁ። ስለዚህ ከነጥቡ ይልቅ ረጅሙን ግምገማ፣ በተለይም ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠውን ሰው ጽሑፍ ማንበብ ይበጃል። ለጃዝ ግን ብዙ አይረዳም፤ በዚህ በኩል አልበሞችን በዘውግና በዓመተ ምሕረት አጣርቶ የሚያሳየው ድረ ገጽ ሬት ዩር ሚዩዚክ ይሻላል።

የታተሙ ሙዚቃዎች መዝገብ የሆነውን ድረ ገጽ ዲስኮግስን የምጨምረው በእያንዳንዱ አልበም ላይ ማን ምን እንደተጫወተ ስለሚመዘግብ ነው። ኤለፋንት ናይን የተባለውን፣ በሩኔ ግራሞፎን የሚታተመውን የኖርዌይ ትሪዮ (የሦስት ሰዎች ባንድ) እንውሰድ። የኪቦርድ ተጫዋቹን የስቶሌ ስቶርሎከንን ስም ሲከተሉ፣ በአንድ በኩል ያለ ድርሰት በቅጽበት እየፈጠረ ወደሚጫወተው ባንድ ወደ ሱፐርሳይለንት፣ በሌላ በኩል ደግሞ በ2012 ከሮክ ባንዱ ከሞተርሳይኮ ጋር ወዳወጣው ሰፊ ሥራ ይደርሳሉ። የድራመሩን የቶርስታይን ሎፍቱስን ስም የተከተለ ደግሞ ከአኩስቲክ ጃዝ ተነሥቶ ሜታል (ከባድ ድምፅ ያለው የሮክ ዓይነት) ውስጥ የገባውን የኖርዌዩን ባንድ ሻይኒንግን ያገኛል። ከአንድ አልበም ጀርባ ሁለት ስሞችን ብቻ ተከትሎ ከጃዝ እስከ ሜታል መዝለቅ ይቻላል ማለት ነው። ዲስኮግስ ራሱ ግን የሙዚቃ ማዳመጫ ስላልሆነ፣ ያገኘሁትን ስም ይዤ ለመስማትና ከወደድኩትም ለመግዛት ወደ ባንድካምፕ እመለሳለሁ።