ግንቦት መጨረሻ ሚኒሶታ፣ ከካኑ ላይ ዋልአይ ማጥመድ፤ የምታውቁ ምከሩኝ

የቱሉ ዲምቱው፦

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ሲመቸኝ ቢሾፍቱ ወርጄ ቆሮሶ አጠምዳለሁ፣ ዕድል ሲቀናኝ አምባዛም ይመጣል። ዕቃዬ ናይለን ክር፣ መንጠቆና የመሬት ትል ነው። ከዳር ቆሜ እንጂ ውሃ ላይ ሆኜ አጥምጄ አላውቅም።

እህቴ ሚኒሶታ ናት። ዘንድሮ ቪዛው ተሳካልኝና ግንቦት አጋማሽ ላይ እሄዳለሁ። ባሏ ዓሣ ይወዳል፤ ካናዳ ድንበር ላይ ወዳለው ጫካ በካኑ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ ነው) ገብተን አራት ቀን እናድራለን፣ ዋልአይ የሚባል ዓሣ እናጠምዳለን ብሎኛል። ሞተር የለም፣ መኪና የለም፣ ኔትወርክም የለም። እሱ ራሱ የሄደው አንዴ ብቻ ነው፣ ያውም ነሐሴ ላይ፣ አራት ቀን ሙሉ ቀን ቀን ሲቀዝፍ ውሎ አንድም ዋልአይ ሳይነካው ተመለሰ። እኔ ደግሞ ይሄን ያህል ርቀት ሄጄ ባዶ እጄን መመለስ አልፈልግም።

ሐይቁ የት ጋ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ይያዛል? እዚህ ሆኜ የምለማመደው ነገር አለ? ዋና እችላለሁ ግን እስከዚህም አይደለሁም። ሌላው፣ በአልቅት ነው የምናጠምደው ብሎኛል። እኔ የማውቀው አልቅት በሬ ውሃ ሲጠጣ አፉ ውስጥ የሚገባውን ነው። እውነት እሱኑ ነው?


ከሰበታ፦

እንኳን ተሳካልህ ወንድሜ። እዚያው ሚኒሶታ፣ ዱሉት ከተማ 14 ዓመት ኖሬ ነው ሰበታ የገባሁት። ከዚያ አገር ከልቤ የሚናፍቀኝ ነገር ቢኖር ግንቦት ላይ እነዚያ ሐይቆች ናቸው። ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ዓሣውን እወቀው። ስሙ የወጣው ከዓይኑ ነው። ዓይኑ ትልቅና ብርማ ነው፣ የታወረ ነው የሚመስለው። ከውስጥ በኩል ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው። ማታ ከሰፈር ወጣ ብለህ ባትሪ ስታበራ የጅብ ዓይን ሲያበራ አይተህ ታውቅ የለ? ያው ነው። ሌላው ዓሣ በማያይበት ድንግዝግዝ እሱ እያየ ያድናል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ግን ወደ ጥልቁ ይወርዳል ወይም ድንጋይ ተጠግቶ ይተኛል። አማችህ ባዶውን የተመለሰው ቀን ቀን ስለቀዘፈ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሰዓትህ ንጋትና ምሽት ነው። ግን ምሽት ስልህ የኛን ምሽት እንዳይመስልህ። እዚያ በግንቦት መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው፣ የምትወጣው ደግሞ ከሌሊቱ 11 ከሩብ አካባቢ። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ እኔ 1 ሰዓት ሲሆን ደክሞኝ ወደ ድንኳኔ ስገባ፣ ከማዶ የሰፈሩ ሽማግሌ ራታቸውን በልተው ዕቃ አጥበው 2 ሰዓት ላይ ገና መውጣታቸው ነበር። 3 ሰዓት ተኩል ላይ አምስት ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው ሲመለሱ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ እንቅልፌን ቀን መተኛት ጀመርኩ። ደመና ካለ ወይም ነፋስ ውሃውን ትንሽ ካናወጠው ቀንም ይበላል፣ ምክንያቱም ብርሃኑ ወደ ታች አይዘልቅም።

ቦታው። በረዶው የሚቀልጠው ሚያዝያ ውስጥ ነው። ውሃው ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሲሆን ዋልአይ ወደ ወራጅ ውሃና ወደ ድንጋያማ ዳርቻ ወጥቶ ዕንቁላሉን ይጥላል። አንተ ስትደርስ ይሄን ጨርሷል፣ አርፏል፣ አሁን ርቦታል፤ ብዙው ደግሞ ከዚያ አካባቢ ገና አልራቀም። ስለዚህ ካርታው ላይ ወንዝ ወይም ፈጣን ውሃ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበትን ፈልግ። የሚኒሶታ ሪከርድ የሆነው ዋልአይ 7.9 ኪሎ ይመዝናል፤ የተያዘው በ1979 እ.ኤ.አ. ግንቦት ላይ፣ ሲገል ወንዝ ሳጋናጋ ሐይቅ አጠገብ ነው። ወሩንም ቦታውንም ልብ በል። እዚያ ስትደርስ ፈጣኑ ውሃ ከዝምተኛው ጋር የሚገናኝበት መስመር በዓይን ይታያል፣ አረፋው በሱ ላይ ይሄዳል። መንጠቆህን ዝምተኛው በኩል፣ ከመስመሩ አጠገብ ጣል። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 5 ሜትር ቢሆን ይበቃሃል። አንዳንድ የመራቢያ ቦታዎች በዚህ ወቅት ዝግ ስለሆኑ ግን መጀመሪያ መመሪያውን እይ።

ዕቃው። ጂግ ይሉታል፣ ጭንቅላቱ ላይ ክብደት ያለው መንጠቆ ነው። 3.5 ግራም ለተኛ ውሃ፣ 7 ግራም ለወራጅ። ክሩ ቀጭን ይሁን፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎ የሚችል። እስከ ታች ልቀቀው። ክሩ ሲላላ ወለሉን ነክቷል ማለት ነው። አንድ ስንዝር የማትሞላ ከፍ አድርገው፣ ያዝ አድርገው፣ መልሰህ ቀስ ብለህ ጣለው። ሥራው በቃ ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ሲወርድ ነው። እንደ አምባዛ ይጎትተኛል ብለህ አትጠብቅ። ክሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ የተጠመጠመ ያህል ከበድ ይልሃል፣ ሌላ ምልክት የለውም። ያኔ ሳትቸኩል ሳብ አድርግ።

አልቅቱ እውነት ነው፣ ግን ለዓሣ ማጥመጃ የሚሸጠው ሌላ ዓይነት ነው፤ ደም መጣጭ ስላልሆነ አትፍራው። አልቅት ሁለት ጫፍ አለው፣ በሰፊው ጫፍ መጣበቂያው በኩል መንጠቆውን ብትሰካው ውሃ ውስጥ ሪባን ይመስል እየተዘረጋ ይዋኛል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ካስቀመጥከው ደግሞ አራቱንም ቀን በሕይወት ይቆይልሃል፣ ለማጥመጃ የሚያዘው ትንንሽ ዓሣ ግን በመንገድ ይሞትብሃል።

አሁን ከዓሣው በላይ ይሄን ስማኝ። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ጓደኛዬ ትልቅ ዓሣ ያዘና ለማየት ብድግ አልኩ። ካኑው ከሥሬ ሸሸ። ውሃው በረዶ ማለት ነው። እንደወደቅክ ሳትፈልግ አየር ትስባለህ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ትንፋሽህ የራስህ አይደለም፤ ያን ጊዜ አፍህ ከውሃ በታች ከሆነ አለቀ። ቀጥሎ ጣቶችህ የሚታዘዙህ ለ10 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዚያ ገመድ እንኳ መጨበጥ ያቅትሃል። እኔን ያተረፈኝ የለበስኩት ላይፍ ጃኬት ነው። የለበስኩት አልኩህ፤ የጓደኛዬ ካኑው ውስጥ ተቀምጦ ነበርና ሲገለበጥ ተንሳፍፎ ሄደ፣ እሱን ጎትቼ ዳር ያደረስኩት እኔ ነኝ። ዋና ብትችልም ባትችልም ከመሬት እግርህን ሳታነሳ በፊት ቆልፈው። አትቁም። ነፋስ ካለ መሀሉን አታቋርጥ፣ ዳር ዳሩን ይዘህ ሂድ። ዓሣውንም በመረብ አንሳው፣ ሁለታችሁም በአንድ በኩል እንዳታጋድሉ።


የባቦጋያ ልጅ፦

ጋሽዬ ሁሉን ብለውታል፣ እኔ ስለ ልምምዱ ልጨምር።

ወንድሜ፣ ወለል መንካት ለመለማመድ ባቦጋያ አትምጣ። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፣ ጥልቀቱ ወደ 65 ሜትር ይደርሳል፣ ከዳር ትንሽ ራቅ ካልክ ክርህ ያልቃል እንጂ ወለል አታገኝም። ኩሪፍቱ ይሻልሃል፣ ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ስለሆነ ክር ሲላላ ምን እንደሚመስል እጅህ ይማራል። ትንሽ የእርሳስ ክብደት አስረህ ያለ መንጠቆም ቢሆን ሃምሳ ጊዜ ጣል አንሳ። መቅዘፉን ግን ባቦጋያ ና፣ ካያክ የሚያከራዩ ሎጆች አሉ። ጠዋት ውሃው መስታወት ነው፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፤ ሁለቱንም ቅመሰው። ካያክና ካኑ አንድ አይደሉም፣ ሚዛን መጠበቁ ግን ያው ነው። ከወገብህ በላይ ቀጥ በል፣ ከወገብህ በታች ላላ።

ለሰፈርህ ይቀርባል ብለህ አባ ሳሙኤል እንዳትሄድ። ከአዲስ አበባ የሚወርደው ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ልጅ ሆነን ከዚያ የመጣ ዓሣ በልተናል፣ ዛሬ ግን እጄንም አልነክረውም። ያን ውሃ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል።

አንድ ነገር ደግሞ ካኑውን ለማቆም። የሽንኩርት ከረጢት አለ አይደል፣ ቀዩ መረብ? እሱን ይዘህ ሂድ። እዚያ ድንጋይ ሞልተህ በገመድ ታወርደዋለህ፣ መልህቅ ሆነ። ስትጨርስ ድንጋዩን ታፈሳለህ፣ ተሸክመህ አትዞርም።


ሴንት ፖል ያለሁት፦

ወንድም ዓለም፣ እንኳን ደህና መጣህ ከአሁኑ። የወረቀቱን ነገር እኔ ልንገርህ፣ አማችህ እንዳይረሳው።

የዋልአይ ወቅት የሚከፈተው ሁልጊዜ በኛ አቆጣጠር ከግንቦት 1 እስከ 7 ባለው ቅዳሜ ላይ ነው፣ ስለዚህ ስትመጣ ክፍት ነው። የማጥመጃ ፈቃድ ግድ ነው፤ ለእንግዳ የ72 ሰዓትም የ7 ቀንም አለ። ጫካው ውስጥ ለማደር ደግሞ ሌላ ፈቃድ አለ፣ በየመግቢያው በቀን የሚገባው ሰው የተቆጠረ ነው፣ መያዝ የሚጀመረው ከጥር ነው። አሁኑኑ ደውልና ይዞት እንደሆነ ጠይቀው። ጥሩ ጥሩው መግቢያ ቶሎ ያልቃል። በአንድ ቡድን ከ9 ሰው በላይ አይገባም።

እኔ ባጠመድኩበት ጊዜ ለአንድ ሰው 6 ዋልአይ ነበር የሚፈቀደው፣ ከ50 ሳንቲሜትር የሚበልጥ አንድ ብቻ። ቁጥሩ ሊለወጥ ስለሚችል የዓመቱን መመሪያ እዩ። ሕጉ ቢፈቅድም ግን ትልቁን መልሱት እባካችሁ። ትልልቆቹ ሴቶች ናቸው፣ የሚመጣው ዓመት ዓሣ እነሱ ሆድ ውስጥ ነው። ለመብላት ከ35 እስከ 45 ሳንቲም ያለው ይጣፍጣል። ድንበሩን አልፋችሁ ካናዳ በኩል ያለው ኬቲኮ ፓርክ ከገባችሁ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው፣ አልቅት ጭራሽ አይቻልም፣ መንጠቆውም ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የሚይዘው እሾህ የሌለው መሆን አለበት።

ምግብ፦ ቆርቆሮና ጠርሙስ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሽሮውን በላስቲክ፣ ድርቆሹን በላስቲክ፣ አዋዜውን በፕላስቲክ ዕቃ። ማታ ምግባችሁን በሙሉ ወደ 4 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ከግንዱ አርቃችሁ ስቀሉት፣ ድብ አለ። የዓሣውን አንጀትና አጥንት ከድንኳንም ከውሃም አርቁት። ዋልአይ እንደ ቆሮሶ ሙሉውን አይጠበስም፣ ሥጋው ከአጥንቱ በቢላ ተገፎ በዱቄት ተለውሶ ነው ዘይት የሚገባው። እኔ ዱቄቱ ላይ ሚጥሚጣ እጨምርበታለሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ በጣትህ ስትበላው፣ ውሃው ጸጥ ብሎ፣ ሩቅ ሎን የምትባለዋ ወፍ ስትጮህ... ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ እንባዬ መጣ።

አዎ፣ የምትነክስ ትንሽ ጥቁር ዝንብ በዚያ ወቅት ትፈላለች። ለጆሮና ለአንገት የሚሆን የራስ መረብ ይኑርህ።


የቱሉ ዲምቱው፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የካኑውን ታሪክ ለእህቴ አነበብኩላት፣ ወዲያው ሁለት ላይፍ ጃኬት ገዛች። የሴንት ፖሏ እህታለም፣ የእህቴ ባል የጫካውን ፈቃድ አልያዘም ነበር! ዛሬ ሌሊት ቁጭ ብሎ ለግንቦት 17 ያዘ፣ አንድ መግቢያ ብቻ ነበር የቀረው።

ቅዳሜ ኩሪፍቱ ሄጄ እርሳሱን ስጥል ዋልኩ። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። ወደ ሠላሳኛው ላይ ክሩ ሲላላ ታወቀኝ፣ ጭቃና ድንጋይ እንኳ መለየት ጀመርኩ፤ ድንጋዩ ጠቅ ይላል፣ ጭቃው ዝም ነው። ግን ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?


ከሰበታ፦

ጎበዝ! ነፋስ ሲመጣ ዘንጉን ወደ ውሃው ዝቅ አድርገው፣ ነፋሱ የሚይዘው ክር እንዲያንስ። ክሩን ደግሞ በሌባ ጣትህ ላይ አሳልፈው፣ ዘንጉን ሳይሆን ጣትህን አድምጥ። ያም ካልሆነ ወደ 7 ግራም ቀይር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ ሞክረው፣ ሲጨላልም ዓይንህን ትተህ በእጅህ ማየት ትጀምራለህ። ስትመለስ ፎቶ እዚሁ ለጥፍልን።