ራሴን ሳልጎዳ ክብደት መቀነስ እፈልጋለሁ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ቁመቴ 1.62 ሜትር፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው። አምና በቀን አንዴ ብቻ እየበላሁ 7 ኪሎ ቀነስኩ። ግን ፀጉሬ ረገፈ። አንድ ቀን የታክሲ ሰልፍ ላይ ዓይኔ ጨለመብኝና ሰው ደግፎ አስቀመጠኝ። መብላት ስጀምር ኪሎውም ተመለሰ። ሐኪም ታይቻለሁ፤ ስኳርም ደም ግፊትም የለብኝም። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃሻል ብሎኛል።

የሚቸግረኝ ማታ ነው። ከሥራ የምገባው በጣም ርቦኝ ነው። ሽሮው ከቀረበ፣ ልጆቹ ያስተረፉትን ጨምሮ ሁለት እንጀራ ሳላስበው ያልቃል። በጾም ደግሞ ዘይቱ ይበዛል። እንጀራ ጨርሶ መተው አልችልም፤ አልፈልግምም። ቀስ ብላችሁ የቀነሳችሁ ካላችሁ፣ እራታችሁ ምን ነበር? መክሰስስ ትበሉ ነበር?