ለአዲስ አድቬንቸር ሞተር፦ የትኛው ዘይት፣ የትኛው የካቴና ቅባት፣ የትኛው ጎማ?

አድቬንቸር ሞተር፣ ማለትም ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን ሞተር ሳይክል፣ የገዛ ሰው ቀድሞ የሚያማርጠው ሻንጣና ተጨማሪ መብራት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ገንዘባችሁን ካቴና፣ የአየር ፊልትሮና ጎማ ላይ አውሉት እላለሁ። እነዚህ ሞተሮች ከባድ ናቸው። ብዙዎቹ ቤንዚን ሲሞሉ ከ200 ኪሎ ያልፋሉ። በዚያ ላይ ሰውና ጓዝ ይጫንባቸዋል፤ ከአስፋልት ወጥተው ኮረኮንችና አቧራ ውስጥ ይገባሉ። ቶሎ የሚጎዱትም እነዚሁ ክፍሎች ናቸው።

ወደ ዕቃዎቹ ከመግባቴ በፊት ስለ ሞተሩ ጸባይ ትንሽ ልበል። ጸባዩን ብልሽት ነው ብላችሁ ከጋራዥ ጋራዥ አትንከራተቱ። ብልሽቱንም «ጸባዩ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ጠዋት አንደኛ ማርሽ ስታስገቡ «ቋ» ይላል። ይህ የብዙ ሞተር ጸባይ ነው። የፍሪሲዮኑ ሸራዎች ዘይት ውስጥ ስለሚውሉ ሌሊቱን እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ፍሪሲዮኑን ጥቂት ሰከንድ ይዛችሁ ብታስገቡት ድምፁ ይለዝባል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልተወው፣ ወይም ፍሪሲዮን ይዛችሁ እያለ ወደፊት የሚጎትታችሁ ከሆነ ግን ይታይ። ገመዱ ላልቶ ይሆናል፤ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አየር ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

በዝግታ ስትነዱ ማራገቢያው ተነስቶ ሞቃት አየር እግራችሁ ላይ ከነፋ ሥራውን እየሠራ ነው። የሚያሳስበው የራዲያተሩ ውሃ በየጊዜው ሲቀንስ ነው። ቆማችሁ ቤንዚን ስትሰጡ ወደ ጎን ዘንበል የሚል ሞተር ካያችሁም አትደንግጡ። የቢኤምደብሊው ቦክሰር (ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ የወጡት) እና የሞቶ ጉዚ ሞተሮች ክራንካቸው፣ ማለትም የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የተዘረጋ ስለሆነ ሲፈጥኑ ወደ ጎን ይገፋሉ።

በዝቅተኛ ፍጥነት መንገጫገጭ ሌላው የተለመደ ቅሬታ ነው። የጭስ ሕጎች ስለጠበቁ አዳዲስ ሞተሮች ቤንዚኑን አሳንሰው ከብዙ አየር ጋር ያቃጥላሉ፤ ስለዚህ ቤንዚን ስትለቁና መልሳችሁ ስትሰጡ ነጠቅ ያደርጋሉ። ለዚህ የሚሸጡ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖች ብዙ ናቸው። እነሱን ከመግዛታችሁ በፊት የካቴናውን ልል መጠን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ መንገጫገጩን የሚያባብሰው የላላ ካቴና ነው። ሞተሩ የዝናብ ሞድ (ጉልበቱን የሚያለዝብ ምርጫ) ካለው ለመንደር ውስጥ መንገድ እሱን ሞክሩት።

አንድ ብዙ ሰው የሚያስጨንቅ ነገር ልጨምር። ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሽ ስታስገቡ ግን ድርግም ይላል። ሰው ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብሎ ያስባል። መጀመሪያ የጎን መቆሚያውን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። እዚያ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ጭቃ ከደረቀባት መቆሚያው የተዘረጋ ይመስላትና ሞተሩን ታጠፋዋለች። በውሃና በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ፤ የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ ንፉበት። ብዙ ጊዜ በዚሁ ያበቃል።

አሁን ወደ ጋራዥ ጉዳይ። ኦፊሴላዊ አከፋፋይ ወይስ የሰፈር መካኒክ? የእኔ ጥቆማ ሁለቱንም በየሥራቸው መጠቀም ነው። የመጀመሪያውን የ1,000 ኪሎ ሜትር ሰርቪስ አከፋፋዩ ጋ አድርጉ። በዚያ ዘይት ውስጥ አዲስ ብረት ሲላመድ የረገፈ ደቃቅ ብናኝ አለ፤ መዘግየት የለበትም። ብሎኖቹም የሚጠበቁት ያኔ ነው። የሶፍትዌር ማሻሻያና ፋብሪካው የሚጠራቸው ጥገናዎችም የአከፋፋዩ ድርሻ ናቸው። ዘይት፣ የፍሬን ሸራና ጎማ ግን ጥሩ መካኒክ እኩል ይሠራቸዋል። ደረሰኝ ተቀበሉና የተሠራበትን ኪሎ ሜትር አስጽፉ። ለዋስትናም፣ በኋላ ለመሸጥም ይጠቅማችኋል።

መካኒክ ስትመርጡ ስለ ቫልቭ፣ ማለትም አየር አስገብተው ጭስ ስለሚያስወጡት የሞተሩ በሮች፣ ጠይቁት። ትልቁ ወጪ ያለው እዚያ ነው፤ ልዩነቱም ሰፊ ነው። ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 እና ሆንዳ አፍሪካ ትዊን የቫልቭ ፍተሻቸው 24,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ በ20,000፣ የኬቲኤም 790 አድቬንቸር በ30,000 ነው። ያማሃ ቴኔሬ 700 እስከ 40,000 አካባቢ ይቆያል። ዱካቲ መልቲስትራዳ ቪ4 ደግሞ 60,000 ይደርሳል። ግን ቁጥሩን ብቻ አትዩ። የቦክሰሩ የቫልቭ ክዳን በግራና በቀኝ ወጥቶ ስለሚታይ ሥራው ይቀላል። ሌሎቹ ላይ ብዙ ጊዜ ታንከሩ መነሳት አለበት። «ይህን ሞተር ከፍተህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ።

ዘይት ላይ የብራንድ ክርክር ውስጥ አልገባም። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ወይም «ኤምኤ2» (MA2) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ምልክት ይኑር፤ ውፍረቱ መመሪያው ያዘዘው ይሁን። ይኸው በቂ ነው። የመኪና ዘይት ግን በርካሽ ስላገኛችሁት ብቻ አትጨምሩ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሰበቃ መቀነሻ የተጨመረበት ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል።

ካቴና ላይ ግን ልቆይ፤ ብዙ ሞተር የሚበላሸው እዚህ ነው። ዘመናዊ ካቴና በየመጋጠሚያው ትንንሽ የጎማ ቀለበት አለው። ውስጡ ያለውን ግራሶ የሚጠብቀው ያ ቀለበት ነው። ስለዚህ በቤንዚንና በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት። ነጭ ጋዝ፣ ለስላሳ ብሩሽና ጨርቅ ይበቃዋል።

ቅባቱን በተመለከተ ያወዳደርኩትን ልንገራችሁ። የሚያጣብቅ ስፕሬይ ለአስፋልት ጥሩ ነው፤ በአቧራ መንገድ ግን አሸዋ ሰብስቦ እንደ ሞረድ ይበላዋል። የሰም ስፕሬይ ደርቆ ስለሚቀር አቧራ አይዝም፤ በዝናብ ግን ቶሎ ይታጠባል። የማርሽ ዘይት፣ ማለትም ውፍረቱ 80 ወይም 90 የሆነው፣ ርካሽ ነው፣ ካቴናውንም ይወዳጀዋል። ጉዳቱ ቸርኬውን ማቆሸሹና ቶሎ ቶሎ መደገም መፈለጉ ነው። እንደ ስኮቶይለር ያሉ በራሳቸው የሚያንጠባጥቡ መሣሪያዎች በረጅም የአስፋልት ጉዞ በጣም ያሳርፋሉ። ኮረኮንች ለሚበዛበት ሰው ሰም፣ ዝናብ ለሚበዛበት የማርሽ ዘይት እመርጣለሁ። በየትኛውም ቢሆን በ1,000 ኪሎ ሜትር አንዴ፣ ዝናብ ካገኛችሁ ደግሞ በዚያኑ ቀን ማታ ካቴናው ገና ሞቅ እንዳለ ቀቡ።

ስትለኩ ደግሞ እንዲህ ነው። ሞተሩን መመሪያው እንዳዘዘው አቁሙ። በታችኛው ካቴና መሃል ላይ ማስመሪያ ያዙ። በጣታችሁ ወደ ታች ሳቡ፣ ወደ ላይ ግፉ፣ ልዩነቱን አንብቡ። አፍሪካ ትዊን ላይ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ለከተማ ሞተር የለመደ ሰው ይህን ሲያይ ላልቷል ብሎ ያጠብቀዋል። ስህተት ነው። የኋላው ሾክ ረጅም ስለሆነ ሲጫን ካቴናው ይወጠራል። ቀድሞ ከተወጠረ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይበላዋል። ጎማውን እያዞራችሁ ሦስት አራት ቦታ ለኩ። አንድ ቦታ ጠብቆ ሌላ ቦታ የሚላላ ከሆነ ካቴናው አርጅቷል፤ ከፊትና ከኋላ ጥርሱ ጋር አብሮ ይቀየር።

ካቴና መንከባከብ ሰልችቷችሁ ካርዳን (በካቴና ፈንታ ጎማውን በብረት ዘንግ የሚያዞር) ያለው ሞተር የምታስቡም አላችሁ። ለረጅም የአስፋልት ጉዞ ትክክል ናችሁ። ከባድ መሆኑንና የራሱ ዘይት በጊዜው መቀየር እንዳለበት ብቻ አትርሱ።

የአየር ፊልትሮ ላይ ሦስት ምርጫ አለ። የወረቀቱ ለአስፋልት አስተማማኝ ነው። ዘይት የጠጣ ወረቀት ከሆነ ግን በኮምፕሬሰር መንፋት ያበላሸዋል፤ መቀየር ብቻ ነው። የስፖንጁ ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ ስለሚመለስ አቧራ ለሚበዛበት ሰው የምመክረው እሱን ነው። ታጥቦ የሚመለሰውን የጥጡን ለአቧራ አልመርጠውም። የትኛውንም ስትገጥሙ የፊልትሮው ጠርዝ በደንብ መቀመጡን በጣታችሁ ዳስሱ። በአንዲት ቀዳዳ የገባ አቧራ ሲሊንደሩን ይልጠዋል።

ጎማ። የኮንቲኔንታል ቲኬሲ 80 በአፈርና በጠጠር በጣም ይይዛል፤ የኋላው ግን ቶሎ ያልቃል። የሄይደናው ኬ60 ስካውትና የሚታስ ኢ-07 ረጅም ዕድሜ ያላቸው በመሆናቸው ይታወቃሉ፤ ርጥብ አስፋልት ላይ ግን ረጋ ማለት ይጠይቃሉ። ጉዟችሁ በአብዛኛው አስፋልት ከሆነ ሞተሩ አብሮት የመጣው ጎማ እስኪያልቅ ጠብቁ። አዲስ ጎማ ሲገባ መጀመሪያ ላይ ይንሸራተታል፤ ጥቂት እስኪነዳ ድረስ መታጠፊያ ላይ ሞተሩን ብዙ አታጋድሙት። ካላማዳሪ የሌለው ጎማ ካላችሁ መድፈኛ ትሎች (ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡ የሚያጣብቁ ክሮች) እና ትንሽ የባትሪ ኮምፕሬሰር ከበቂ በላይ ናቸው። ካላማዳሪ ካለው ግን የጎማ ማውለቂያ ብረቶችና ትርፍ ካላማዳሪ ያዙ፤ ቤታችሁ ሆናችሁም አንዴ ተለማመዱት።

ቸርኬው በሽቦ የተወጠረ ከሆነ በአዲስነቱ ሽቦዎቹ ይላላሉ። ትንሽ ቁልፍ ይዛችሁ አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ ምቱ። የተወጠረው «ቲንግ» ይላል። የላላው «ዱብ» ብሎ ይደፈናል። የላላውን በእጅ ብቻ አታጥብቁት፤ ቸርኬውን ሊያጣምም ስለሚችል ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

የፊት ሹካው ዘይት ማፍሰስ ከጀመረም ወዲያው ሲሉን፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ ለመቀየር አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ከቀለበቱ ጠርዝ ሥር አሸዋ ገብቶ ነው። የአቧራ መከላከያውን ጎማ ወደ ታች አውርዱ፣ ቀጭን ለስላሳ ፕላስቲክ ወደ ላይ አስገቡና ዙሪያውን አዙሩ። አሸዋው ይወጣል። ከዚያ በኋላም ካፈሰሰ ይቀየር። ዘይቱ የፍሬን ዲስክ ላይ ሳይደርስ ግን ፈጥናችሁ አድርጉት።

የሾኩን ውጥረት ማስተካከል ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግን ብዙ ሰው አይነካውም። ሻንጣና ሰው ስትጭኑ የኋላው ይሰምጣል፣ መብራቱ የመጪውን ዓይን ይወጋል፣ መሪውም ይቀላል። ከመንገድ በፊት የኋላውን ሞላ ጠበቅ አድርጉ፣ ጭነቱ ሲወርድ መልሱት።

ብሎኖቹን በተመለከተ የሻንጣ ማሰሪያና የሥር መከላከያ ብሎኖች በንዝረት ይላላሉ። እንደ ሎክታይት 243 ያለ ሰማያዊ መያዣ ጠብ አድርጉባቸውና በቀለም እስክሪብቶ ብሎኑና ብረቱ ላይ አንድ መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ በቁልቁለት ላይ ሊፈላ ይችላል።

ጂፒኤስ፣ ስልክ ቻርጀርና መብራት ስትጨምሩ በቀጥታ ባትሪው ላይ አትሰኩ። ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል አስገቡ፣ ፊውዙንም ባትሪው አጠገብ አድርጉ። ሞተሩ ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ባትሪውን ሞልቶ የሚያቆይ ቻርጀር ግዙ። ሊቲየም ባትሪ ካላችሁ ደግሞ ቻርጀሩ ለሊቲየም የተሠራ መሆኑን ጠይቁ።